ደጋፊን በምን ስም እንጥራው?

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለመጽሔት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምላስ ነው። ስለ ሐሜትና ስለ ነገር ማመላለስ በዚህ ዝግጅት ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። የዛሬው ግን ብዙዎቻችን ወንጀል መሆኑን እንኳ ልብ የማንለው ነው። አንድ ሰው አንድን የፖለቲካ ግንባር፣ ኅብረት ወይም ቅንጅት ሲደግፍ እኛ የምንለጥፍበት ስም ማለቴ ነው። እገሌን ምረጡ፣ እገሌን ተው ልላችሁ አልመጣሁም። እሱ የየራሳችሁ ጉዳይ ነው። እኔን የሚመለከተኝ ከመረጣችሁ በኋላ ወንድማችሁን በምን እንደምትጠሩት ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንይ። ቃል ከየት እንደመጣ ያወቀ ሰው አወጣጡን ይጠነቀቃል።

‹ደጋፊ› የምንለው ቃል ከቤት ሥራ የመጣ ነው። ግድግዳ ሲዘም በጎኑ እንጨት እናቆምለታለን፤ ድጋፍ ይባላል። እንጨቱ ግድግዳውን ይይዛል እንጂ ግድግዳ አይሆንም። ቤቱ ሲቃና ወይም ሲፈርስ እንጨቱ ይነሣና ለሌላ ሥራ ይውላል። ‹ግንባር›ም የሰውነት ክፍል ነው፤ ከዚያ ወደ ጦር ሜዳ፣ ከጦር ሜዳ ወደ ድርጅት ስም ተሻገረ። እኛ ሙስሊሞች ግንባራችንን በቀን ስንት ጊዜ መሬት ላይ እንደምናሳርፍ ታውቃላችሁ። ይህንን በመንገድ ላይ ነው ያነሣሁት፣ እንለፈው።

‹ቅንጅት› የሚለውን ቃል የከተማ ልጆች በ1997 ዓ.ም ምርጫ ነው የሰሙት። እኛ የፎገራ ሜዳ ሰዎች ግን ከዚያ በፊት ከእርፍና ከቀንበር ጋር ነው የምናውቀው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ ነው። ዛሬ የእኔ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ ያንተ። ማታ ቀንበሩ ሲወርድ እያንዳንዱ በሬ ወደየጌታው በረት ይሄዳል። የተጣመሩት በሬዎቹ ናቸው፣ ባለቤቶቹ ሁለት ሰዎች እንደሆኑ ይቀራሉ። አንዱ ሩዝ ሊዘራ ይችላል፣ ሌላው ጤፍ። በሬው ከማን በሬ ጋር እንደተጠመደ ታይቶ ለገበሬው ስም ሲወጣለት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። የፖለቲካ ሰዎች ይህንን ቃል ሲመርጡ ጥሩ ቃል ነበር የመረጡት፤ እኛ ነን ትርጉሙን ያበላሸነው።

አንድ ቃል ደግሞ ከዐረብኛው ጋር አብረን እንይ። በቁርኣን ውስጥ ‹ሒዝብ› የሚል ቃል አለ፤ ወገን፣ ቡድን ማለት ነው። ዛሬ ዐረቦች የፖለቲካ ፓርቲን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በአምስተኛው ዓመተ ሒጅራ መዲናን የከበቡት ቁረይሾች፣ ገጠፋኖችና ሌሎችም ተባብረው የመጡ ስለነበሩ ‹አሕዛብ› ተባሉ፤ ሱራውም በስማቸው ይጠራል። የእኛ ‹ሕዝብ› የሚለው ቃል የዚሁ የ‹ሒዝብ› ወንድም ነው፤ ግእዝና ዐረብኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸውና። ልዩነቱን ግን ተመልከቱ። በዐረብኛው ከፊሉን ሰው የሚለየው ቃል በእኛ ዘንድ ሁሉንም ሰው የሚያቅፍ ሆነ። በዚህ በኩል ቋንቋችን ከእኛ ከተናጋሪዎቹ የተሻለ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንግባ። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ስትሄዱ የምታገኟት ይፋግ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ከጎንደር ወደ ጎጃም በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ ስሟ የታወቀ ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ሙስሊም ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና ሌላውንም ዕቃ እየጫኑ ይመላለሱባት ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠዋል፣ ደጃዝማች ውቤ ሰሜንን ይዘዋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ዛሬ ይማማላል፣ ነገ ይዋጋል። በ1842 እ.ኤ.አ እዚሁ አጠገባችን ደብረ ታቦር ላይ ተዋግተዋል። በዚያ ዘመን መንገደኛ ኬላ ሲደርስ ዋናው ጥያቄ ‹የማን ሰው ነህ?› የሚለው ነበር። ምን ታምናለህ፣ ምን ትሠራለህ የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ‹የእገሌ ሰው› ማለት የእገሌ ንብረት ማለት ያህል ነበር። መሳፍንቱ ካለፉ 170 ዓመት ገደማ ሆነ፤ ጥያቄው ግን ገና ከአፋችን አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የመጡትን ስሞች ብንቆጥር ቀኑ አይበቃንም። ‹ባንዳ› የሚለውን ውሰዱ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአገሬው የመለመሏቸውን ታጣቂ ጓዶች የሚጠሩበት የራሳቸው ቃል ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ ቡድን ማለት ነው፣ ስድብ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ከዳተኛ ማለት ሆነ፤ ለዚያ ዘመን ሥራ ደግሞ የተገባ ስም ነበር። ችግሩ የመጣው ጣሊያን በ1933 ዓ.ም ከወጣ በኋላ ስሙ አብሮ ባለመውጣቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በተነሣ ጠብ ሁሉ ሁለቱም ወገን አንዱ ሌላውን የሚመታበት ድንጋይ ሆነ።

በአብዮቱ ዘመን በእኛ በበጌምድር ‹ኢዲዩ› የሚባል ስም ነበር። የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት የሚባለው ድርጅት የእንግሊዝኛ ስሙ አጭር መጠሪያ ነው። ፊደሎቹ ምን ማለት እንደሆኑ የማያውቅ ገበሬ ‹ኢዲዩ ነህ› ከተባለ አለቀለት። በከተማ ደግሞ አምስት ድርጅቶች፣ መኢሶን፣ ሰደድ፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድና ኢጭአት፣ ኢማሌድህ የሚባል ኅብረት ፈጥረው ነበር። መኢሶን ለደርግ የሚሰጠውን ድጋፍ ‹ሂሳዊ ድጋፍ› ብሎ ሰየመው። ሐሳቡን እናንተ ፍረዱት፣ ቃሉ ግን ልክ ያለው ቃል ነው፤ እስከዚህ እደግፋለሁ፣ ከዚህ ወዲያ እነቅፋለሁ የሚል ነው። ግን ማን ሰማው? በ1969 ዓ.ም ነሐሴ መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ሸሸ፤ ትናንት ‹ተራማጅ› ሲባሉ የነበሩት በአንድ ሌሊት ‹አድኃሪ› ተባሉ። ኢሕአፓን የደገፈ ከዚያ ቀደም ብሎ ‹አናርኪስት› ተብሎ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ብዙ ወጣት የተገደለው በሠራው ሥራ ተመርምሮ አይደለም፤ በስሙ ነው።

1997 ዓ.ምን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ቅንጅት የአራት ፓርቲዎች ስብስብ ነበር፤ መኢአድ፣ ኢዴፓ መድኅን፣ ቀስተ ደመናና የዴሞክራሲያዊ ሊግ። ኢሕአዴግም ራሱ የድርጅቶች ግንባር ነበር። የአንዱ የምርጫ ምልክት ንብ፣ የሌላው ሁለት ጣት ነበር። ግንቦት 7 ቀን ሰው ድምፁን ሰጠ፤ ድምፅ የተሰጠው በምስጢር ቢሆንም በማግስቱ በየመንደሩ ስም ተሰጠ። ‹እሱ ቅንጅት ነው›፣ ‹እሷ ኢሕአዴግ ናት› መባባል ሆነ። በዘመቻው ወቅት የገዢው ግንባር ሹማምንት ተቃዋሚውን ከሩዋንዳው ‹ኢንተርሐምዌ› ጋር አመሳሰሉት፤ በተቃዋሚው ሰልፍ ላይም ብሔርን የሚነካ መፈክር ተሰምቷል። በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም በተነሣው ሁከት አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ በ1999 ዓ.ም ተፈቱ፣ ከዚያም ተከፋፈሉና ስብስቡ ፈረሰ። ከምሥረታው እስከ መፍረሱ ሦስት ዓመት ያህል ቢሆን ነው። ‹ቅንጅት ነው› የተባለ ሰው ግን ስሙን ከዚያ በላይ ለብዙ ዓመት ተሸክሞት ኖረ። ኢሕአዴግም በ1981 ዓ.ም ተመሥርቶ በ2012 ዓ.ም ፈረሰ። ስብስብ ይፈርሳል፤ ስም ግን ለልጅ ይተርፋል፤ ‹የእነ እገሌ ልጅ› እየተባለ።

መልካም የሚመስል ስምም ሰው ሊያስቀር ይችላል። ኢሕአዴግ አራት አባል ድርጅቶች ነበሩት። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በሐረሪ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በጋምቤላ ያሉት ፓርቲዎች ግን አባል አልነበሩም፤ ‹አጋር› ነው የተባሉት። አጋር ደስ የሚል ቃል ነው፤ ለትዳር ጓደኛ እንኳ የሕይወት አጋሬ እንላለን። በተግባር ግን በግንባሩ ምክር ቤት ድምፅ የላችሁም ማለት ነበር። ከእነዚህ ክልሎች በብዙዎቹ አብዛኛው ሰው ሙስሊም መሆኑን ታውቃላችሁ። ‹አጋር› የሚለው ቃል የተነሣው በ2012 ዓ.ም ከግንባሩ ሦስቱና አምስቱ አጋሮች ተዋሕደው ብልጽግና ፓርቲ ሲሆኑ ነው፤ አንደኛው የግንባሩ አባል ሕወሓት አልገባም። ይህንን የማነሣው ፓርቲ ለማመስገን ወይም ለመውቀስ አይደለም፤ ለስላሳ ስም ሁሉ ክብር እንዳልሆነ እንድታዩት ነው።

‹ኢንተርሐምዌ› ያልኩትን ቃል ሳላብራራው እንዳላልፍ። በሩዋንዳ ቋንቋ አብረው የሚነሡ፣ በአንድነት የሚያጠቁ ማለት ነው። የአንድ ፓርቲ ወጣት ደጋፊዎች ስም ነበር፤ በ1994 እ.ኤ.አ የገዳዮች ስም ሆነ። በሌላው በኩል ደግሞ ‹ኢቢይትሶ› የሚል ስም ነበር፤ ተባባሪ ማለት ነው። አማፅያኑን ትደግፋለህ ተብሎ የተጠረጠረ ሁሉ ‹ተባባሪ› ይባል ነበር፤ ከተባለ በኋላ ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም። ይህንን ስም እየደጋገመ በየቤቱ ያስገባው ሬዲዮ ነው፤ የሺህ ኮረብቶች ሬዲዮ የሚባለው። እኔም አሁን በሬዲዮ ነው የማናግራችሁ፤ ስለዚህ ይህንን ስናገር ራሴንም እየፈራሁ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በዚያ መከራ በኪጋሊ ቢሪዮጎ በሚባለው የሙስሊሞች ሰፈር ብዙዎች ‹ተባባሪ› የተባለውን ሰው በቤታቸው ሸሽገዋል። ስሙን ሳይሆን ሰውየውን አዩት።

የእኛ ክልል ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ያለፈበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዛሬዎቹን ስሞች በዚህ ማይክሮፎን አልደግማቸውም። ሁለቱም ወገን የሚወረውራቸውን ታውቋቸዋላችሁ፤ እኔ ደግሜ ላሰራጭላቸው አይገባም። ስም ጥይት የሚጠራበት ጊዜ ነው።

አሁን ዲናችን ምን ይላል ወደሚለው እንምጣ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ላይ ከመሳለቅና ከመነዋወር ጋር በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትንም ከልክሏል። አንቀጹ ስለወረደበት ምክንያት የተዘገበው ይህ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ከበኒ ሰሊማ ሰዎች ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ስም ነበራቸው። ነብዩም አንዱን በአንዱ ስሙ ሲጠሩት፣ የአላህ መልእክተኛ ሆይ፣ ይህ ስም ያስቆጣዋል ይሏቸው ነበር። እንግዲህ መለኪያው እዚህ ላይ ነው፤ ተጠሪው ራሱ ይጠላዋል ወይ? ዑለማዎች ለመለየት ያህል ብቻ የሚነገርን ቅጽል ፈቅደዋል። ታላቁን የሐዲስ ዘጋቢ ሱለይማን ኢብን ሚህራንን ‹አል አዕመሽ› ብለው ይጠሩታል፤ ዓይኑ የሚያለቅስ ማለት ነው። ለመለየት ነው፣ ለማሳነስ አይደለም። ‹ፓርቲ እገሌን የሚደግፈው አሕመድ› ማለት ሌላ ነው፣ ‹ያ ባንዳ› ማለት ሌላ ነው።

ስለ ጥምረትና ስለ ደጋፊ ስም ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መላክ በፊት የነበረችው መካ ናት። በቁረይሽ ውስጥ የዐብዱ መናፍ ልጆችና የዐብዱዳር ልጆች ሐጃጅ ማጠጣትን፣ ማብላትን፣ የካዕባን ቁልፍና የጦር ዓርማን ማን ይያዝ ብለው ተጣሉ። ሌሎቹ ጎሣዎችም በሁለት ተከፈሉ። የዐብዱ መናፍ ወገን ሽቶ የሞላበት ሳህን አቅርቦ እጁን እየነከረ ተማማለ፤ ‹ሙጠየቡን›፣ ሽቶ የተቀቡት ተባሉ። ሌላው ወገንም ተማማለና ‹አሕላፍ›፣ የተማማሉት ተባለ። ሥልጣኑን ተካፍለው ሳይዋጉ ቀሩ። ጉዳዩ አለቀ፣ ስሙ ግን ቀጠለ፤ ልክ እንደኛው።

ከዘመናት በኋላ ከየመን ከዘቢድ አንድ ነጋዴ ዕቃ ይዞ መካ መጣ። አል ዓስ ኢብን ዋኢል ገዛውና ሒሳቡን ከለከለው። ነጋዴው ለአሕላፍ ጎሣዎች አቤት አለ፤ አል ዓስ የእነሱ ወገን ነበርና አንረዳህም አሉት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የተበዳዩን ጩኸት ሰምተው አይደለም የመለሱት፤ በዳዩ የማን ሰው እንደሆነ አይተው ነው። ይፋግ ገበያ ላይ ዕቃውን ተቀምቶ የማን ሰው ነህ የተባለ መንገደኛ አስቡ። ነጋዴው ወደ ኮረብታ ወጥቶ ጮኸ። ያኔ ጥቂት ጎሣዎች በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ ማንም ቢሆን ማን ለተበደለ ሁሉ እንቆማለን ብለው ተማማሉ፤ ሒልፈል ፉዱል ይባላል። የነጋዴውንም ሒሳብ አስመለሱ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሃያ ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ተገኝተውበታል፤ ከነብይነት በኋላም በእስልምና ዘመን ወደ እንዲህ ያለው ብጠራ እሺ እላለሁ ብለዋል። ስለዚህ መጣመር በራሱ ነውር አይደለም። ሙስሊም ካልሆነ ሰው ጋርም ለፍትሕ ይጣመሩበታል። ጥያቄው ለምን ጉዳይ ተጣመርን የሚለው ነው።

የካዕባ እድሳት ሲሆን ደግሞ ጥቁሩን ድንጋይ ማን ያስቀምጥ በሚለው እንደገና ተጣሉ። የዐብዱዳር ልጆች ደም የሞላበት ሳህን አመጡ፤ ከበኒ ዐዲይ ጋር እጃቸውን እየነከሩ እስከ ሞት ተማማሉ። ‹ለዐቀተ ደም›፣ ደም ላሾች ተባሉ። አስቡት፣ ለደጋፊ የወጣ ስም ነው ይህ። ያን ቀን ደም ከመፍሰስ ያዳነው 35 ዓመት የሞላቸው ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ። ጋቢ አስነጠፉ፣ ድንጋዩን መሐሉ ላይ አደረጉ፣ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ጫፍ ጫፉን ይዞ አነሣ፤ ድንጋዩን በእጃቸው ቦታው ላይ አስቀመጡት።

አሁን ይህንን አስተውሉ። አቡበክር (ረ.ዐ) ከበኒ ተይም ናቸው፤ ጎሣቸው ከሽቶ ተቀቢዎቹ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ከበኒ ዐዲይ ናቸው፤ ጎሣቸው ከተማማሉት፣ ኋላም ከደም ላሾቹ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባረፉ ቀን ዑመር እጃቸውን ዘርግተው ለአቡበክር ቃል ገቡ። የደም ላሽ ልጅ ነው ያላቸው የለም።

ምናልባት፣ እነዚያ የጃሂሊያ ስሞች ስለሆኑ ነው፤ ስማችን መልካም ከሆነስ? የሚል ይኖራል። ‹ሙሃጅር›ና ‹አንሷር› ከሚሉት የበለጠ መልካም ስም ከየት ይመጣል? አንሷር ራሱ ደጋፊ፣ ረዳት ማለት ነው፤ አላህ በቁርኣኑ ያከበራቸው ናቸው። በአንድ ዘመቻ ላይ ግን አንድ ሙሃጅር አንዱን አንሷር መታው። የተመታው አንሷሮች ሆይ ድረሱልኝ አለ፤ የመታው ሙሃጅሮች ሆይ ድረሱልኝ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሙና ይህ የጃሂሊያ ጥሪ ነው፣ ተዉት፣ የሸተተ ነው አሏቸው። ስሙ ያው ስም ነው። በማግስቱም አንሷሮች አንሷር ነበሩ። የሸተተው ሰውን ለጠብ መጥሪያ ሲሆን ነው።

ውድ አድማጮች፣ ይህንን ትምህርት እንዳዘጋጅ ያደረገኝ ከይፋግ አካባቢ ከአንዲት እህታችን የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ባለቤቷና ወንድሙ አንድ አንድ በሬ አላቸው፤ ለብዙ ዓመት ተቀናጅተው ነው ያረሱት። ባለፈው ዓመት በአንድ ኒካሕ ላይ በፖለቲካ ነገር ተነጋገሩ። አንዱ ሌላውን ስም ጠራው፤ ያም መልሶ ‹ሙናፊቅ› አለው። ከዚያ ወዲያ በሬዎቹ ለየብቻ ቆመዋል። ሁለቱም የሚከራዩት በሬ ይፈልጋሉ፤ ኪራዩ ደግሞ ከምርቱ ያወጣል። ልጇ፣ አጎቴ መስጊድ ውስጥ ሲያሰግድ ከኋላው ልስገድ ወይ? ብሎ ጠይቋታል። ‹ልጄ አጎቱን በዚያ ስም ሲጠራው ሰማሁት፣ ምን ልበለው?› ትላለች።

እህቴ፣ ከሰላቱ ልጀምርልሽ። ልጅሽ ከአጎቱ ኋላ ይስገድ። ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ስንት ግፍ ከሠራው ከሐጃጅ ኋላ ሰግደዋል። አጎቱ በፖለቲካ የተለየ ሐሳብ ያለው ገበሬ ነው እንጂ ሐጃጅ አይደለም።

ሁለተኛው ‹ሙናፊቅ› የሚለው ቃል ነው። ይህ ከሁሉም ይከፋል። ሙናፊቆች እነማን እንደሆኑ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሑዘይፋ (ረ.ዐ) በምስጢር ነግረዋቸዋል፤ ሑዘይፋ እስኪሞቱ አላወጡትም። ዑመር (ረ.ዐ)፣ የጀነት ብሥራት የተነገራቸው ዑመር፣ እኔስ አለሁበት ወይ ብለው ሑዘይፋን ጠይቀዋል። ዑመር ለራሳቸው የፈሩትን ስም እኛ በአንድ ኒካሕ ምሳ ላይ ለወንድማችን እናድለዋለን። የሐጢብ ኢብን አቢ በልተዓም ታሪክ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መካ ሊዘምቱ ሲሉ ሐጢብ ለቁረይሾች ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ተያዘ። ዛሬ ቢሆን ምን ስም እንደሚወጣላቸው አልነግራችሁም። ዑመር ይህንን ሙናፊቅ አንገቱን ልቁረጠው አሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድመው ለምን አደረግኸው ብለው ጠየቋቸው። ሐጢብ በመካ ለቤተሰቤ የሚቆምልኝ ዘመድ የለኝም፣ ውለታ እንዲኖረኝ ብዬ ነው አሉ። እውነቱን ነግሯችኋል አሉ ነብዩ፤ በድር ላይ የተገኘ ሰው መሆኑንም አስታወሱ። ጥፋቱ ጥፋት ነበር፤ ስሙ ግን አልጸደቀም። ወንድምሽ የተባለው ሰው በእርግጥ ካጠፋ፣ ይህንን አደረግህ ብለው ሥራውን ይንገሩት። ለሥራ መልስ አለው፣ ንስሐ አለው። ለስም ምን መልስ አለው?

ሦስተኛው የልጅሽ አነጋገር ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ መንገድ አለው። ‹ደግፏል›፣ ‹መርጧል›፣ ‹አባል ሆኗል› ማለት ይቻላል። እነዚህ ግሦች ናቸው፤ ነገ ‹ደግፎ ነበር› ሊባሉ ይችላሉ፤ ሰውየው ሐሳቡን ሊለውጥ በር አላቸው። ‹ነው› ስትይ ግን ዘጋሽበት። ‹ቅንጅትን መርጧል› ያሉት ሰው ሌላ ነበር፣ ‹ቅንጅት ነው› ያሉት ሰው ሌላ ሆነ። መጠኑንም እንለይ። የመረጠ ሁሉ ደጋፊ አይደለም፤ የደገፈ ሁሉ አባል አይደለም፤ አባል የሆነ ሁሉ አለቆቹ የሚሠሩትን አልሠራም። እኛ በሐበሻ ምድር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለን። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደነገሩን በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ ሲነሣበት ስደተኞቹ ሰሓባዎች እጅግ አዘኑ፤ ነጃሺ እንዲያሸንፍ ዱዓ አደረጉ። ወጣቱ ዙበይር የተነፋ አቁማዳ ደረቱ ላይ አስሮ አባይን ዋኝቶ ተሻገረ፣ ውጊያውን አይቶ ተመለሰና አብሥሩ አላቸው። ደገፉት፣ ተጨነቁለት፣ ተደሰቱለት። ‹የነጃሺ ሰዎች› ተብለው ስማቸው ግን አልተለወጠም።

ለልጁ እንግዲህ፣ አጎቱን አጎቴ ይበለው። ሌላ ስም አያስፈልገውም።

ለሁለቱ ወንድማማቾች ደግሞ፣ ከሦስት ቀን በላይ መኳረፍ ለሙስሊም እንደማይፈቀድ ታውቃላችሁ፤ የእናንተ ዓመት ሊሞላው ነው። በላጩ ቀድሞ ሰላም የሚለው ነው፤ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ሳትጨርሱም ሰላም መባባል ይቻላል። ፓርቲያችሁን ትታችሁ ታረቁ አላልኩም። ሐሳባችሁን ያዙ፤ በሬዎቻችሁን አጣምሩ። ሰኔ እየመጣ ነው፣ የሩዝ ማሳ ደግሞ አይጠብቅም። ኩራት ካስቸገራችሁ የመስጊዳችሁ ሽማግሌዎች ከዒሻ ሰላት በኋላ አብረዋችሁ ይቀመጣሉ፤ አነጋግሬያቸዋለሁ።

ስለ ሩዝ ዘካ፣ በተለይ ለኪራይ በሬ የወጣው ወጪ ከዘካው በፊት ይቀነሳል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። ሰዓቴ ስላለቀ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዝግጅት እመለስበታለሁ። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።